ኳሱ ለምን ወደ ኋላ ተመለሰ?

ሴንትራል ፓርክ የድሮው የስቴፕልተን አውሮፕላን ማረፊያ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ማረፊያው በ1995 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ ሰፈሩ ሲገነባ፣ ከማኮብኮቢያው ስር ተቀብሮ ይፈስ የነበረው ዌስተርሊ ክሪክ ወደ ብርሃን ወጣ። ከአውሮራ በኩል መጥቶ ሰፈሩን ያቋርጥና ሳንድ ክሪክ ውስጥ ይገባል።

ባለፈው ግንቦት ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ዳር ላይ ቆመን ሳለ ኳሱ አመለጠችውና ውሃው ወሰዳት። ውሃው በድንጋይ ደረጃ ከሚወርድበት ቦታ ስትደርስ ወደቀች። አሁን ትሄዳለች ስንል ወደ ደረጃው ተመለሰች። ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ተመለሰች። «ገብቼ ላምጣት» ሲል ክንዱን ያዝኩት። በዚያው ሴሚስተር ፍሉድ ሜካኒክስ ተምሬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የሞገድ ፍጥነት በጥልቀቱ ይወሰናል፤ 10 ሴንቲሜትር ላይ በሰከንድ 1 ሜትር ያህል፣ 40 ሴንቲሜትር ላይ 2 ሜትር ያህል ነው። ውሃው ራሱ ከዚህ ከፈጠነ ሞገዱ ወደ ላይ መመለስ አይችልም፤ ጠጠር ብትጥሉ ክቡ ሁሉ ወደ ታች ይወሰዳል። የሁለቱ ፍጥነቶች ንጽጽር በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በዊልያም ፍሩድ ስም «ፍሩድ ቁጥር» ይባላል። ከደረጃው የወረደው ስስና ፈጣን ውሃ ከታች ካለው ጥልቅና ዝግተኛ ውሃ ጋር ሲጋጠም በድንገት ያብጣል፤ ይህ ሃይድሮሊክ ጃምፕ ነው። የታችኛው ውሃ ከፍ ካለ ደግሞ ፈጣኑ ጅረት ከስር ሾልኮ ያልፋል፣ ላዩ ግን ወደ ደረጃው ይንከባለላል። ኳሷን የያዛት ይኸው ነው፤ ሰውንም ይይዛል። ነጩ አረፋም አያድንም፤ አየር የተቀላቀለበት ውሃ ስለሚቀል እንደ ሌላው ውሃ አያንሳፍፍም።

ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ክብ ክብ ልሙጥ ቦታዎች ይታያሉ፤ ሽሮ ሲንተከተክ እንደሚመስለው። ወንድሜ «እዚህ ጋ ረግቷል» አለኝ። እኔም ሳልማር እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ከወለሉ የተነሳ ሽክርክሪት ላይ ሲደርስ ወደ አየር መውጣት ስለማይችል ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ልሙጡ ቦታ እሱ ነው። ውሃው ተመልሶ በሚሰምጥበት በዳሩ ጭራሮና አረፋ ይሰበሰባል። አልፎ አልፎ የምታዩት ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብም የቆመ አዙሪት ጫፍ ነው፤ መሐሉ ላይ ግፊቱ ስለሚቀንስ ላዩ ይሰረጉዳል።

በማግስቱ ውሃው ሲጎድል ተመልሰን ሄድን። ኳሷን ከደረጃው በታች ቄጠማ ውስጥ ተሰክታ አገኘናት።