«ኩልቶር»፦ አራሽ፣ ነዋሪ፣ አምላኪ

«ኩልቶር» የተባለው የሮማይስጥ ቃል እንደ አገባቡ አራሽ፣ ነዋሪ ወይም አምላኪ ተብሎ ይተረጎማል። የወጣውም «ኮሌሬ» ከሚለው ግስ ነው። የግሱ ጥንታዊ ሥር መዞርንና መመላለስን ያመለክታል፤ ሰው የሚመላለስበትን ስፍራ መኖሪያው ያደርጋል፣ መሬቱን ያለማል፣ የስፍራውንም አማልክት ያከብራል። ሦስቱን ፍቺዎች የሚያስተሳስረው እንግዲህ የመንከባከብ ሐሳብ ነው።

ከዚሁ ግስ የወጡት «አግሪኮላ» ለገበሬ፣ «ኢንኮላ» ለነዋሪ ሲለዩ፣ «ኩልቶር» ግን ሦስቱንም ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ ለተርጓሚው መሪ የሚሆነው የተዛረፈው ስም ነው፤ ስሙ እርሻ ቢሆን አራሽ፣ አገር ቢሆን ነዋሪ፣ አምላክ ቢሆን አምላኪ ይባላል። በኢጣልያ በላኑቪዩም የተገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ136 የተጻፈው የድንጋይ ጽሑፍ «የዲያናና የአንቲኖዎስ ኩልቶሮች» የሚላቸው ገበሬዎች አይደሉም፤ የሞተ አባላቸውን በወግ ለመቅበር ገንዘብ የሚያዋጡ የአምልኮ ማኅበርተኞች ናቸው።

በአማርኛ «ገበሬ» እና በስሞች ውስጥ ያለው «ገብረ» ከአንድ ሥር ቢወጡም፣ ሦስቱን ፍቺዎች በአንድነት የሚሸከም ቃል የለንም። በመሆኑም መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን በተራ ቁጥር ለይቶ፣ ከእያንዳንዱም ጋር የሚዛረፈውን ስም ጠቅሶ ማስቀመጥ ይገባዋል።