ሳይወድ የሚገድል ሰው፦ ልብ ወለዱ፣ የራያ ቆላ ደምና የመማጸኛው ከተማ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በቆቦ ከጉባኤ በኋላ አንድ ወጣት ወደ እኔ ቀርቦ፣ «ፓስተር፣ ሳይወድ የሚገድል ሰው መመለሻ አለው?» ሲል ጠየቀኝ። በእጁ በጋዜጣ የተለበጠ ልብ ወለድ ይዞ ነበር። ታሪኩ በገንዘብ ተቀጥሮ ሰው ስለሚገድል፣ ሥራውን ስለ ጠላ፣ ነገር ግን መውጫ ስላጣ ሰው ነው። እኔም ስለ መጽሐፉ የሚጠይቀኝ መስሎኝ፣ እንዲህ ያለውን ንባብ እንዲተው ልመክረው ተዘጋጅቼ ነበር። ትንሽ ሲቆይ ግን የሚጠይቀኝ ስለ ራሱ መሆኑ ገባኝ። ሕፃን ሳለ አጎቱ በሰው እጅ ሞቷል። ዘመዶቹም ደሙን የሚመልሰው እርሱ እንደ ሆነ አድርገው አሳድገውታል። መግደል አይፈልግም፤ እንቢ ለማለትም ድፍረት አጥቷል።

ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ አሁን ሳስበው በቂ አልነበረም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ልብ ወለዶች ምን እንደሚሉ፣ በራያ ቆላ ያለው እውነት ምን እንደሚመስል፣ የእግዚአብሔር ቃልስ ለእንዲህ ያለ ሰው ምን በር እንደሚከፍት አብረን እንመለከታለን።

ጥቁሩ ልብ ወለድ ምን ይላል?

እንዲህ ያለውን የወንጀል ልብ ወለድ የውጭ ሰዎች «ኖይር» ይሉታል። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ «ጥቁር» ማለት ነው። በፓሪስ በ1945 እ.ኤ.አ. «ጥቁር ተከታታይ» የሚል ስም ያለው የወንጀል መጻሕፍት ኅትመት ከተጀመረ ወዲህ ስሙ በዓለም ተሰራጨ። በተራው የወንጀል ታሪክ ፖሊሱ ገዳዩን ይይዛል፣ ነገሩም ይቋጫል። በጥቁሩ ልብ ወለድ ግን ብዙ ጊዜ የምንከተለው ራሱን ወንጀለኛውን ነው። ልቡ ሲታመም እናያለን፤ መውጫውን ሲፈልግም አብረነው እንደክማለን።

እንግሊዛዊው ደራሲ ግራሃም ግሪን በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «የሚሸጥ ጠመንጃ» የተባለው ልብ ወለድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሬቨን የተባለው ሰው አባቱ በስቅላት ተቀጥቶ፣ እናቱ ራሷን ገድላ ያደገ ነው። በገንዘብ ተቀጥሮ አንድ ሚኒስትር ይገድላል። ቀጣሪዎቹም የተሰረቀ ገንዘብ ከፍለው ያታልሉታል። ፖሊስ እያሳደደው በተሸሸገበት ሌሊት ለአንዲት ሴት ኃጢአቱን ይነግራታል። እርስዋ ግን የሰማችውን መሸከም አልቻለችም፤ ፊቷን አዞረችበት። ሬቨንም በጥይት ይሞታል።

ከዚያ አስቀድሞ በ1866 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው ዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት»ን ጻፈ። ራስኮልኒኮቭ የተባለው ተማሪ በመያዣ ገንዘብ የምታበድር አሮጊትንና እኅቷን በመጥረቢያ ይገድላል። እርሱም ለአንዲት ሴት፣ ለሶንያ፣ ይናዘዛል። ሶንያ ግን አልሸሸችም፤ ኃጢአቱንም አላቃለለችም። ሄዶ በአደባባይ እንዲናዘዝ ነገረችው፤ ወደ ሳይቤሪያ በግዞት ሲሄድም ተከተለችው።

ወገኖቼ፣ ሁለቱም ነፍሰ ገዳዮች ናቸው፤ ሁለቱም የሚሰማቸው ሰው ፈልገዋል። አንዱ ሲሰማ አብሮት የሚቆም አገኘ፤ ሌላው አላገኘም። ነፍሰ ገዳይ ብቻውን አይመለስም። በእርሱና በደሙ መካከል የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል።

በእኛ አገር ቀጣሪው ማን ነው?

በራያ ቆላ ሬቨንን የመሰለ በደመወዝ የሚገድል ሰው የተለመደ አይደለም። ሳይወዱ ለመግደል የሚታጩ ግን አሉ። የሚቀጥራቸው ገንዘብ ሳይሆን እፍረት ነው።

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው የቆቦን ሜዳ ያውቃል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ቆሞ ይታያል፤ ከእርሱ ወዲያ የአፋር ምድር ነው። ሜዳው የማሽላ አገር ነው። ማሽላው ሲያድግ ቁመቱ ሰው ይሰውራል። ለገበሬው ይህ የደስታ ወራት ነው፤ ደም ላለበት ሰው ግን የስጋት ወራት ነው። ደመኛ ያለበት ቤተሰብ መንገድ ይለውጣል፣ ገበያ ይቀራል፣ ከብቱን ውኃ የሚያወርድበትን ሰዓት ይመርጣል። ልጆች ትምህርት ቤት መላክም ያስፈራል።

በአካባቢው ጀግንነት የሚከበር ነገር ነው። ወንድ ልጅ ፉከራና ቀረርቶ እየሰማ ያድጋል፤ መሣሪያም ከቤት አይጠፋም። ሰው ሲሞትበት ያልተበቀለ ወንድ በለቅሶም በሠርግም ዓይን ይበዛበታል። «ፈሪ» የሚለው ቃል በቀጥታ ባይነገረውም ዝምታው ይነግረዋል። ያ ወጣት፣ «እናቴ አንድ ቀን እንኳ ግደል ብላኝ አታውቅም። ነገር ግን የአጎቴ ስም ሲነሣ ፊቴን ታያለች» ብሎኛል። ከዚህ የሚበልጥ የቅጥር ውል ምን አለ?

ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ቆቦና አካባቢዋ በጦርነቱ ደጋግመው ተመተዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀስቅሷል። ጦርነት ባለፈበት ምድር ሐዘን ይበዛል፤ ያልደረቀ ደምም ይበዛል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የአያቶቻችን ብቻ ነው ብለን የምንተወው አይደለም።

በመካከል የሚቆሙት፦ ዘወልድ

የራያ ቆቦ ሕዝብ መበቀልን ብቻ ሳይሆን ማስታረቅንም ያውቃል። ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች በዚህ አካባቢ «ዘወልድ» በሚባለው ሥርዓት ይታወቃሉ፤ በሌሎች የወሎ ክፍሎች ደግሞ «አበጋር» የሚባለው አለ። የሃይማኖት አባቶችም ይገቡበታል፤ ቄሱ መስቀሉን ይዞ፣ ሼኩም በዱዓው።

ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም አካሄዱ ይታወቃል። ሰው በሞተ ጊዜ ሽማግሌዎች አስቀድመው የሟችን ወገን እጁን እንዲሰበስብ ይለምናሉ። የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ዓይን ይርቃል። ሽማግሌዎቹ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፤ የመጀመሪያው ልመና እሺ አይባልም፣ መባልም የለበትም፤ ሐዘን ክብር አለውና። ጊዜው ሲደርስ የገዳይ ወገን ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቀርባል፣ በደሉን ያምናል፣ ጉማ ይቆረጣል፣ ይማማላሉ፣ አብረው ይበላሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ደም ሌላ ሰው መግደል መሐላ ማፍረስ ነው።

ይህ እርቅ የመንግሥትን ፍርድ አያስቀርም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል (አንቀጽ 540)። ከባድ የሰው ግድያ ደግሞ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስፈርዳል (አንቀጽ 539)። ፍርድ ቤቱ ግን የሚቀጣው ገዳዩን ነው። ቂሙ ወንድሙንና የአጎቱን ልጅ ይፈልጋል፤ ገዳዩ እስራቱን ጨርሶ ሲወጣም በር ላይ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አበኔር በኬብሮን በር

መጽሐፍ ቅዱስ ሳይወድ ስለ ገደለ ሰው ይናገራል። የሳኦል ቤት ሠራዊት አለቃ አበኔር በጦርነት ሲሸሽ፣ የኢዮአብ ወንድም አሣሄል በኋላው ይከተለው ነበር። አበኔር ፈቀቅ እንዲልለት ሁለት ጊዜ ለመነው፤ ብገድልህ ወንድምህን በምን ፊት አያለሁ የሚል ሐሳብ ይዞ ተማጸነው። አሣሄል አልሰማም፤ አበኔርም ወግቶ ገደለው (2ሳሙ. 2፥18-23)። ከዚያ በኋላ ኢዮአብ ደሙን ይዞ ኖረ። አበኔር ከዳዊት ጋር ሰላም አድርጎ ሲመለስ ኢዮአብ አስጠርቶ በኬብሮን በር በማታለል ገደለው (2ሳሙ. 3፥26-27)።

እንግዲህ ኬብሮን ምን ነበረች? ከስድስቱ የመማጸኛ ከተሞች አንዷ ነበረች (ኢያ. 20፥7)። ሳያስብ ሰው የገደለ ወደዚያ ይሸሻል፤ በበሩ ቆሞ ነገሩን ለከተማይቱ ሽማግሌዎች ይናገራል፤ እነርሱም ያስገቡታል (ኢያ. 20፥4)። አበኔር የሞተው በዚያ በር ነው። ሽማግሌ ሊሰማው በሚገባበት ቦታ ሰይፍ ጠበቀው። ኢዮአብም በኋላ የመሠዊያውን ቀንዶች እንደ ያዘ ተገደለ (1ነገ. 2፥28-34)። ደም መላሹም መጨረሻው እንደ ጥቁሩ ልብ ወለድ ሆነ።

እንቢ ያሉም ነበሩ። ሳኦል የኖብን ካህናት እንዲገድሉ ባዘዘ ጊዜ ዘበኞቹ እጃቸውን አላነሡም፤ የገደለው ኤዶማዊው ዶይቅ ነው (1ሳሙ. 22፥17-18)። ንጉሥ እያዘዘ መሣሪያ ይዞ እንቢ ያለ ሰው ፈሪ ይባላልን?

ጉማ ስርየት ነውን?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሙሴ ሕግ ሆን ብሎ ለገደለ ሰው የነፍስ ዋጋ እንዳይቀበሉ ይከለክላል (ዘኍ. 35፥31)። ምክንያቱም የሰው ነፍስ በገንዘብ አይተመንም። ስለዚህ ጉማ የሟቹ ዋጋ ነው ብንል እንስታለን፤ ኃጢአትን ያጥባል ብንልም እንስታለን። ጉማ የሚቀጥለውን ሰው ከሞት የሚያድን የሰላም ምልክት ነው፤ ያለ አባት ለቀሩት ልጆችም ድጋፍ ነው።

የኃጢአት ስርየት ግን በአንድ ደም ብቻ ነው። የአቤል ደም ከምድር ይጮኻል፤ የኢየሱስ ደም ከአቤል ይልቅ የሚሻለውን ይናገራል (ዕብ. 12፥24)። ወደ መማጸኛ ከተማ የገባው ሰው ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሊቀ ካህናቱ ሲሞት ነበር (ዘኍ. 35፥28)። የእኛ ሊቀ ካህናት ሞቷል፤ ተነሥቷልም። ሆን ብሎ ለገደለውም ሳይቀር የንስሐ በር ተከፍቷል። ነገር ግን ይቅርታ ማግኘት ከፍርድ ማምለጥ አይደለም። በመስቀል ላይ ገነት የተገባለት ወንበዴ በዚያው ቀን ቅጣቱን ተቀብሎ ሞቷል (ሉቃ. 23፥40-43)።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ደም እንድትመልስ የታጨህ ወንድሜ ሆይ፣ ብቻህን እንቢ አትበል። እፍረት ብቻውን የቆመን ሰው ያሸንፋል። ነገሩ ሳይበስል ለሽማግሌና ለአገልጋይ ተናገር። በቀል የጌታ ነው (ሮሜ 12፥19)፤ ይህ የአንተን መገፋት ማቃለል ሳይሆን ሸክሙን ከትከሻህ ማውረድ ነው።

ሁለተኛ፣ የገደልህ ከሆንህ አትሸሸግ። እጅህን ለሕግ ስጥ። ጥፋትን ማመን፣ ራስን ለሕግ ማቅረብና መካስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች ይቆጠራሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሌላ ሰው በአንተ ምክንያት እንዳይሞት ያደርጋሉ።

ሦስተኛ፣ ጉማ አዋጣ የተባልህ አማኝ፣ «ባላጠፋሁት ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ይገባኛል። ነገር ግን አንተ ራስህ ባላጠፋው በከፈለልህ ጌታ የምትኖር አይደለህምን? ሕሊናህ የማይቀበለው ሥርዓት ካለ በትሕትና ተናግረህ ከዚያ ተለይ፤ ከእርቁ ግን አትለይ። በራያ ቆላ እኛ ጥቂቶች ነን። ጎረቤታችን ክርስቶስን የሚያየው በለቅሶና በእርቅ ቀን በምናደርገው ነው።

አራተኛ፣ አገልጋዮች ሆይ፣ የተበደለውን ቤተሰብ በችኮላ «ይቅር በሉ» አንበል። ዘወልዶቹ ደጋግመው መመላለስን ያውቃሉ፤ እኛ አንድ ጥቅስ ጠቅሰን መሄድ ይቀናናል። ሙሴ ወደ መማጸኛው ከተማ የሚወስደው መንገድ እንዲዘጋጅ አዝዟል (ዘዳ. 19፥3)። ከተማው ቢኖርም መንገዱ ካልተጠረገ የሚሸሸው ሰው በመንገድ ይቀራል። መንገዱን መጥረግ የእኛ ድርሻ ነው።

ያ ወጣት በሌላ ቀን ተመልሶ መጣ። «ፓስተር፣ ለታላቁ አጎቴ አብረን ሄደን እንንገረው» አለኝ። ሄድን። ወጣቱ እጁ እየተንቀጠቀጠ መግደል እንደማይችል ተናገረ። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው ቆዩ። በመጨረሻም፣ «እኔም በዚህ ዕድሜዬ እንዳንተ ታጭቼ ነበር። የሚሰማኝ ሰው አልነበረም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሽማግሌ ይምጣ» አሉ።

እርቁ በአንድ ቀን አላለቀም፤ ሽማግሌዎቹ ብዙ ተመላልሰዋል። ወጣቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በማሽላው መካከል ማንንም አልጠበቀም።

የሰላም አምላክ የራያን ምድር በሰላም ይጎብኝ፤ እኛንም በበሩ ቆመው የሚሰሙ ያድርገን። አሜን።