ከፋሲካ በኋላ የተመለሰው ኪሎ

የሰኔ ጾም የገባ ዕለት ነው፤ ሰኞ ጠዋት። ሦስቱን ልጆች አብልቼና አልብሼ ተራው የእኔ ሲሆን የሥራ ቀሚሴ ዚፕ ወገቤ ላይ ደርሶ ቆመ። መስከረም ላይ እንኳ ይሰፋኝ የነበረ ቀሚስ ነው። አምና ስድስት ወር ለፍቼ ሰባት ኪሎ ቀንሼ ነበር። ሚዛን ላይ ስወጣ አምስቱ ተመልሰዋል።

ጎንደር ውስጥ ይህን ብትናገሩ የሚያዝንላችሁ አታገኙም። «ምን ጎደለሽ? እንዲያውም አምሮብሻል!» ነው የሚባለው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቀሚሱ አልነበረም። አባቴ አሥራ አንድ ዓመት የስኳር መርፌ እየተወጋ ኖሮ፣ በመጨረሻ የልጅ ልጆቹን በድምፃቸው ብቻ ይለያቸው ነበር። እኔም አርባ ዓመት ሳይሞላኝ የደሜ ስኳር ድንበሩ ላይ መድረሱ ተነግሮኛል።

ነገሩ የተበላሸው ኅዳር ላይ ነው። ትንሹ ልጄ ታሞ ሁለት ሳምንት ሐኪም ቤት ስንመላለስ የጠዋት የእግር ጉዞዬ ቀረ። ከዚያ ገና መጣ፣ ጥምቀት መጣ፣ እንግዳ መጣ (ለጥምቀት እንግዳ የማያድርበት የጎንደር ቤት የት አለ?)። «ግድ የለም፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ እስተካከላለሁ» አልኩ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጾም ለነፍስ የሚያደርገውን የሃይማኖት አባቶች ይንገሩን፤ ለኪሎ ግን እንደ አያያዛችን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ ቆይቼ ማዕድ ላይ ስቀርብ የሚጠብቀኝ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፣ የድንች ጥብስና አምባሻ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ በማንኪያ ልክ ከቅቤም ይበልጣል። ረመዳን የሚጾሙ ጎረቤቶቼም ስለ ሳምቡሳቸው ተመሳሳይ ነገር ያወራሉ። 55ቱ ቀን አልቆ ፋሲካ ሲገባ ደግሞ እስከ በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ዶሮው፣ ክትፎው፣ ጠላው በየቤቱ ይዞራል።

ሰውነታችንም አያግዘንም። ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን አለ፤ ከስብ እየመነጨ ለአንጎል የጥጋብን ወሬ የሚያደርስ። ኪሎ ስንቀንስ እሱም ያንስና ረሃቡ ይበረታል። ሰውነት ክፉ ቀን የመጣ መስሎት ያጣውን ስብ ለመመለስ ይታገላል ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ «ሰነፍ ነኝ» እያልኩ ራሴን መውቀስ ቀንሻለሁ።

እናቴም እንደ ሰውነቴ ናት። ዳባት ተወልዳ ያደገች፣ የሰባ ሰባትን ረሃብ በዓይኗ ያየች ሴት ናት። ለእሷ የከሳ ልጅ የተጎዳ ልጅ ነው። ገበታ ላይ «በቃኝ» ካልኳት «በሞቴ!» ትለኛለች፤ እናት በሞቷ ስትለምን እንቢ የሚል ልጅ ካለ ይንገረኝ።

በዚያው በሰባ ሰባት ከጎንደር ገጠሮች የወጡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ተጓዙ፤ በግንቦት 1983 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ሌሎች ከአዲስ አበባ ተከተሉ። ዳገት ሲወጣና ሲወርድ፣ ሲያርስና ሸክላ ሲሠራ የኖረ ሕዝብ ነው። ነጭ ዳቦ፣ ስኳርና ተቀምጦ የሚውሉበት ኑሮ ላይ ሲደርስ ግን የእስራኤል ሐኪሞች የስኳር በሽታን በብዛት ያዩበት ጀመር፤ ያውም ብዙ ባልወፈሩ ሰዎች ላይ። ደማችን ያው ነው። እኛም በባጃጅና በጀሪካን ዘይት እዚሁ ጎንደር ቁጭ ብለን ያንኑ መንገድ እየሄድን ነው።

ስለዚህ በሰኔው ሰኞ አዲስ «ዳይት» አልጀመርኩም። ለእኔ ለብቻዬ ሰላጣ የምሠራበት ጊዜም ሆነ ገንዘብ የለኝም። ያደረግሁት ከድስቱ መጀመር ነው። ዘይት ከጀሪካን ማንቆርቆር ትቼ በሾርባ ማንኪያ መስፈር ጀመርኩ፤ ለስድስት ሰው ሽሮ ሦስት ማንኪያ። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ ነው። ቤታችን በሳምንት ይጨርሰው የነበረው ሊትር አሁን አሥራ ሁለት ቀን ይቆያል። በዘይት ዋጋ ምክንያት ከሁሉ በፊት የተደሰተው ባለቤቴ ነው።

እናቴ ይቃወማል ብዬ ስፈራ «እኛ ድሮ ዘይት የምናውቀው መቼ ነው?» አለችኝ። ልጅ ሳለች ቤታቸው የገብስ ቆሎ፣ ባቄላና ጎመን ነበር፤ የኑግ ዘይት ለጾም ቀን እንግዳ ነው የሚወጣው። ከዚያ ወዲህ ማንኪያውን የያዘችው እሷ ናት፤ ከእኔም ትጠነክራለች።

የሻይ ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ወረደ። ይህ ከሁሉም ከብዶኛል፤ አሁንም አልለመድኩትም። የልጆቹን ትርፍራፊ ቆሜ መልቀም ግን ትቻለሁ። እናቶች፣ ይህኛውን ለሐኪም እንኳ አንናገረውም አይደል?

ስፖርት ቤት ለመሄድ ሰዓት የለኝም፤ በዚህ ጊዜ ምሽት መውጣትም አይመችም። ጠዋት ልጆቹን ካደረስኩ በኋላ ግን ባጃጁን ትቼ ግማሽ ሰዓት በእግሬ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች የዳገት ከተማ ስለሆነች ግማሽ ሰዓቷ ቀላል አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ስኳራቸው ድንበር ላይ የደረሰ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲሠሩ፣ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለ75 ኪሎ ሰው አምስት ኪሎ ገደማ ማለት ነው። አምስቱን የሥራ ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ከሄድኩ 150 ሞላልኝ።

የስኳር ኪኒን ወይም መርፌ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ግን ምግብ ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ፍልሰታ ሲገባ ሦስት ኪሎ ወርዶ ነበር። ዚፑ ትንፋሼን ውጬ ከያዝኩ ይዘጋል። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ከስተሻል እኮ፣ ልጄ» አለች። ከዚያ በማንኪያ የሰፈረችውን የራሷን ሽሮ ጠቅልላ፣ ከወትሮው ያነሰች ጉርሻ አጎረሰችኝ።