እንጉዳይ፣ ቅዠትና ኩላሊት

ቅዠት የሚያመጣ እንጉዳይ በልቶ ኩላሊቱ ደከመ ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሌላ እንጉዳይ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት አልበርት ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1958 ቅዠት ከሚያመጣው እንጉዳይ ለይቶ ያወጣው ሳይሎሲቢን የሚያምሰው አእምሮን ነው፤ ኩላሊት ላይ ጉዳት ማድረሱ ብርቅ ነው። ጣጣው የሚመጣው ለቃሚው ኮርቲናሪየስ የተባለውን ቡናማ እንጉዳይ በስህተት ሲያነሳ ነው። በውስጡ ያለውን ኦሬላኒን የተባለ መርዝ መቀቀልም ሆነ ማድረቅ አያጠፋውም።

እ.ኤ.አ. በ1952 በፖላንድ ቢድጎሽች አካባቢ 102 ሰዎች በዚህ እንጉዳይ ተመርዘው 11 ሞተዋል። ምክንያቱን ለማወቅ ያስቸገረው የመርዙ መዘግየት ነው። የበላው ሰው በመጀመሪያው ቀን ደህና ነው፤ ቢያቅለሸልሸውም ይረሳዋል። ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ውሃ ጥሙ አልቆርጥ ይላል፣ ወገቡን ያመዋል፣ ሽንቱ ይቀንሳል። «ምን በላህ?» ሲባል የትናንት ራቱን ይናገራል! ማርከሻ መድኃኒት የለም። ዳያሊሲስ ዕድሜ ያቆያል እንጂ ኩላሊት ውስጥ የገባውን መርዝ አያወጣም።

እንጉዳዩን ለምግብ የለቀሙም አልተረፉም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኒኮላስ ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ስኮትላንድ ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር በልቶ ኩላሊቱን አጣ፤ በ2011 ልጁ አንድ ኩላሊቷን ሰጠችው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በድንበር ከተማዋ በኬንያው ሞያሌ፣ በሄሉ ሰፈር፣ ይህ እንጉዳይ አያሰጋም ማለት ይቻላል፤ ከአውሮፓ ደን ዛፎች ሥር ጋር ተቆራኝቶ የሚኖር ነውና የግራር ምድር አይስማማውም። ስጋቱ ይልቅ ወደ አውሮፓ ሄዶ ጫካ ለጫካ እንጉዳይ ለሚለቅም የአካባቢው ልጅ ነው። በአካባቢያችን በቅዠት የሚታወቀው አስተናግር የተባለው ተክል ነው። እሱ የቀመሰ ሰው ሽንት እምቢ ቢለው ብዙውን ጊዜ ፊኛው አልጨመቅ ስላለ ነው፤ በቱቦ ሲወጣለት ይቀለዋል። በኦሬላኒን ግን ፊኛው ባዶ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሆድን መዳሰስ ብቻ እንኳ ብዙ ይረዳል።

ሞያሌ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ኩላሊቱ ለደከመ የድንበር ሰው፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ዋናው ፈተና ይህ መንገድ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተደረገው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ታካሚው ኩላሊት የሚሰጠው ዘመድ ይዞ መምጣት ነበረበት።