የቆረቆንዳ ፒፓና የሠሪው ስም

ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ወለንጪቲን አልፎ የሚሄድ መንገደኛ፥ በመከር ጊዜ በቆሎው ተፈልፍሎ ቆረቆንዳው ለብቻው ተከምሮ ያያል። ይህም ቆረቆንዳ በኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የምድጃ ማገዶ ነው። በአሜሪቃ አገር ግን ይኸው ቆረቆንዳ ለአንዲት ትንሽ ከተማ ከ150 ዓመት በላይ እንጀራ ሆኖ ኖሯል። ነገሩ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ቤተ ሰብ ትምህርት ቢሆን ብለን ታሪኩን ባጭሩ እንገልጻለን።

በሚዙሪ ግዛት፥ ዋሺንግተን በምትባለው ከተማ፥ ከሆላንድ አገር የመጣ ሄንሪ ቲቤ የሚባል እንጨት ቀራጭ ይኖር ነበር። እንደሚነገረው፥ በ1869 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፥ አንድ ገበሬ ከቆረቆንዳ የተሠራ ፒፓ በቶርኖ እንዲያለዝብለት ለመነው። ገበሬው ሥራውን ስለ ወደደው ቲቤ ሌሎችን ጨምሮ ቢሠራ ወዲያው ተሸጡለት። ኋላም የቆረቆንዳውን ቀዳዳ በጀሶ ደፍኖ ማለስለስን ስላገኘ፥ በ1878 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ተሰጠው። ፒፓውንም «ሚዙሪ ሜርሻም» አለው፤ ሜርሻም በጀርመን ቋንቋ «የባሕር አረፋ» ማለት ሲሆን፥ ውድ ፒፓ የሚቀረጽበት ነጭ ማዕድን ስም ነው። ድርጅቱም በ1907 ዓ.ም. በዚሁ ስም ተጠራ። ቆረቆንዳው ሁለት ዓመት ያህል ከደረቀ በኋላ ይቈረጣል፥ ይበሳል፥ ይለሰልሳል። ስመ ጥሩው ጄኔራል ማክአርተርም በዓለም ጦርነት ጊዜ ከአፉ የማይለየው ፒፓ ከዚሁ ዓይነት ነበር።

በኛም አገር ጋያ አለ። ውኃ የሚይዘው ቅል ነው፤ ትንባሆው የሚቀመጥበት ከሸክላ ይሠራል፤ ጢሱም በውኃው ውስጥ አልፎ በመቃ ወደ አጫሹ ይደርሳል። ይህ ብልሃት ከቲቤ ጥበብ አያንስም። ነገር ግን የቲቤ ስም በመዝገብ ሲጻፍ፥ የኛይቱ ሸክላ ሠሪ ስም አልተጻፈም። ይልቁንም እርስዋና ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባሉ ይሰደቡ፥ ከጋብቻም ይገለሉ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ግን ከየቤቱ ጨርሶ አልወጣም።

ስለ ትንባሆው ማንንም አናደፋፍርም። ለሳንባና ለልብ ጠንቅ መሆኑን ሐኪሞች አረጋግጠዋል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1112ም ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። እኛ የምናመሰግነው ገበሬ የጣለውን አንሥቶ ለብዙ ቤት እንጀራ ያደረገውን እጅ ነው።

እንዲህ ያለ እጅ በአገራችን ሞልቷል፤ የጐደለው ክብሩ ነው። ዐዋጅ የአደባባዩን ስድብ ይከለክል ይሆናል፤ በማዕድ ዙሪያ የሚነገረውን ግን የሚከለክሉት አባትና እናት ብቻ ናቸው። ልጅ ባለ ሞያን ማክበር ወይም መናቅ የሚማረው፥ ጀበናውን የሠራችው ሴት በቤቱ በምን ስም እንደምትጠራ ሰምቶ ነው። ስለዚህ ክቡራን ወላጆች፥ ዛሬ ቡና ሲፈላ ስለ ጀበናይቱ ሠሪ ለልጆቻችሁ በመልካም እንድትነግሩልን እንለምናለን።