ከላይ ለብ ያለ፣ ከታች ቀዝቃዛ

ፀሐይ በበረታበት ቀን ሐይቅ ገብቶ የዋኘ ሰው ያውቀዋል፤ ደረት ላይ ያለው ውሃ ለብ ይላል፣ እግር ወደ ታች ሲወርድ ብርድ ያገኘዋል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚያልፈው፣ ስሙም ሐይቅ የሆነው ውሃ ላዩና ታቹ አንድ አይደለም።

ባሕር ላይ ይህ ልዩነት መርከብ ያድናል፣ ያጠፋልም። ብርሃንም ራዳርም ውሃ ውስጥ ሩቅ ስለማይሄዱ ባሕር ኃይል ጠላቱን የሚፈልገው በጆሮው ነው። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ሙቀት፣ ጨውና ግፊት ሲጨምር ይፈጥናል። ሞቃቱና ቀዝቃዛው በሚገናኙበት ቦታ አቅጣጫውን ያጥፋል። ከዚያ ድንበር በታች ያደፈጠች ሰርጓጅ መርከብ ከላይ ላለው አዳኝ ላትሰማ ትችላለች።

ድንበሩን ለማግኘት ዱሮ መርከብ ቆሞ መለኪያ በገመድ ያወርድ ነበር። ሄንሪ ስቶመል የተባለው የውቅያኖስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ብቻቸውን ባሕር የሚያስሱ ተንሸራታቾችን (ግላይደሮችን) በጽሑፍ አለማቸው፤ መሐንዲሱ ዳግ ዌብ ሠራቸው። ግላይደር የሚገፋው ፕሮፔለር አያስፈልገውም። ከሆዱ ዘይት ወደ ውጭኛው ፊኛ ሲገፋ ይነፋና ይንሳፈፋል፣ ሲመልሰው ይሰምጣል፤ ክንፎቹ ውጣ ውረዱን ወደ ፊት ጉዞ ይለውጡታል። በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ እያዘገመ ለወራት ይለካል፤ ብቅ ሲል ውጤቱን በሳተላይት ይልካል። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2009 አትላንቲክን በ221 ቀን አቋርጧል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ቻይና የአሜሪካን ግላይደር ከደቡብ ቻይና ባሕር አንስታ መውሰዷ፣ የውሃ ሙቀት መዝገብ ምን ያህል እንደሚፈለግ ያሳያል።

ለእኛ ቅርቡ ቀይ ባሕር ነው፤ የቀድሞው ባሕር ኃይላችን መናኸሪያም ምጽዋ ነበረች። የውቅያኖሶች ጥልቅ ውሃ ቅዝቃዜ ወደ በረዶ ሲጠጋ፣ የቀይ ባሕር ታችኛው ውሃ እስከ ወለሉ ድረስ 21 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጨውነቱም ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ለአትላንቲክ የተሠራ የድምፅ ስሌት እዚያ አይሠራም፤ ባሕሩን ራሱን መለካት ግድ ይላል። ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም በ2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ወደቡና መርከቡ ሲወራ እሰማለሁ፤ ውሃ የሚያነብ ባለሙያ ሲወራ ግን እምብዛም አልሰማም፤ ይህ ያሳስበኛል። ትምህርቱን ለመጀመር ወደብ አያስፈልግም። መግቢያው ላይ ካነሣሁት ሐይቅ ዳርቻ በታንኳ ወጥቶ፣ ቴርሞሜትር በገመድ አስሮ በየ5 ሜትሩ ማውረድ ይቻላል፤ አንዴ በጥር ብርድ፣ አንዴ በግንቦት ሙቀት።