አብራሪዎች ይገምታሉ፤ ነጋዴው ሰነዱን ይመልከት

የጭነት ጄት በወደቀ ቁጥር ከመርማሪዎች ቀድመው አስተያየት የሚሰጡት አብራሪዎች ናቸው። ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በአሜሪካ ከሉዊቪል ሲነሣ የነበረ የዩፒኤስ ኤምዲ 11 ተከስክሶ 3ቱ የበረራ ሠራተኞችና በምድር ላይ የነበሩ ሰዎች ሲሞቱም የሆነው ይኸው ነው። የግራው ሞተር ከነተሸካሚው ተገንጥሎ መውደቁን የተመለከቱ አብራሪዎች ወዲያው ያነሡት በግንቦት 1971 ዓ.ም. በቺካጎ በተመሳሳይ ሁኔታ የወደቀውን ዲሲ 10 ነበር። ግምቱ ግማሽ ልክ፣ ግማሽ ስሕተት ሆነ። የቺካጎው ስንጥቅ ከጥገና አሠራር የመጣ ሲሆን፣ በሉዊቪል የመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት ያመለከተው ግን በሞተሩ ማያያዣ ላይ የተገኘ የብረት ድካም ስንጥቅ ነው።

በጎጃም ሰው ዘንድ ደግሞ የአውሮፕላን አደጋ ሲነሣ ቀድማ የምትታወሰው ርግብ ናት። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ገብተውበት ወድቆ፣ ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሞተዋል። ሐምሌ 18 ቀን 1982 ዓ.ም. በቦሌ አንድ የጭነት ቦይንግ 707 እንዲሁ ከርግቦች ጋር ተጋጭቶ፣ መነሣቱን ቢያቋርጥም ከማኮብኮቢያው አልፎ ወጥቷል። በዚህኛው የሞተ ሰው የለም።

ከወፍ ቀጥሎ አብራሪዎች የሚጠይቁት ስለ ጭነቱ ክብደት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል፤ ለመነሣትም ረዘም ያለ ሩጫ ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ይብሳል። ስለዚህ ጭነት ይቀነሳል። «ዕቃዎ ለሚቀጥለው በረራ ተላልፏል» ሲባል የሚናደድ አስመጪ ይህንንም ቢያስብ መልካም ነው።

ለመሆኑ ከጓንግዡ ወይም ከዱባይ በአየር ያስጫነው የደብረ ማርቆስ ነጋዴ የመንስኤው ክርክር ምን ያህል ይመለከተዋል? ከሚያስበው በታች ነው። ኢትዮጵያም፣ ቻይናም፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም በተቀበሉት የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በአየር ላይ ለጠፋ ጭነት አጓጓዡ ይጠየቃል። ጥፋቱ የአብራሪው ይሁን የርግብ፣ ባለ ዕቃው ማስረዳት አይጠበቅበትም። አጓጓዡ ሊያመልጥ የሚችለው ጉዳቱ ከዕቃው የራሱ ጉድለት፣ ከአስተሻሸግ፣ ከጦርነት ወይም ከመንግሥት ባለሥልጣን ድርጊት የመጣ እንደሆነ ነው።

ችግሩ ያለው በመጠኑ ላይ ነው። ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ጣሪያው በኪሎ 26 ኤስዲአር ሲሆን፣ ይህ የዓለም የገንዘብ ድርጅት መቁጠሪያ በዶላር ሲመነዘር 35 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ለምሳሌ 40 ኪሎ የሚመዝን የሞባይል ስልክ ካርቶን ቢጠፋ የሚከፈለው ቢበዛ 1,040 ኤስዲአር፣ ማለትም 1,400 ዶላር ገደማ ነው። ዕቃው 20,000 ዶላር የተገዛ ቢሆንም ያው ነው። መርማሪዎቹ የአየር መንገዱን ከባድ ቸልተኝነት ቢያረጋግጡ እንኳ ለጭነት ይህ ጣሪያ አይነሣም።

ጣሪያው ከፍ የሚለው ላኪው ዕቃውን ሲያስረክብ ዋጋውን በልዩ ሁኔታ አስመዝግቦ፣ ሲጠየቅም ተጨማሪውን ክፍያ ከከፈለ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ግን በኤርዌይ ቢሉ የዋጋ ሳጥን ውስጥ የሚገኘው «ኤንቪዲ» የሚል ነው፤ ዋጋ አልተገለጸም ማለት ነው። ሰነዱን የሚያዘጋጀው በጓንግዡ ያለው ወኪል ስለሆነ እዚህ ያለው ገዢ ነገሩን የሚያውቀው ዕቃው ከጠፋ በኋላ ይሆናል። ትራንዚተሩም ቢሆን ይህን ሳጥን ለደንበኛው ማሳየት ይገባዋል።

ሁለተኛው መንገድ ኢንሹራንስ ነው። የአደጋው መንስኤ በእርግጥ ትርጉም የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። ለአየር ጭነት የሚሸጠው የተለመደው ውል ሞተር ቢገነጠልም ወፍ ቢገባም ይከፍላል፤ አውሮፕላኑ በጦር መሣሪያ ከተመታ ግን አይከፍልም። ለዚያ የጦርነት ሽፋን ለብቻው ይገዛል። ዕቃው ቦሌ ደርሶ በመኪና የዓባይን በረሃ ሲሻገር ቢገለበጥ ደግሞ ጉዳዩ ከአየር ስምምነቱ ውጪ ነውና፣ ውሉ ቦሌ ላይ ያበቃ ወይም እስከ ደብረ ማርቆስ መጋዘን የሚዘልቅ መሆኑን ከመፈረም በፊት ማየት ይበጃል። 300 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ቀላል አይደለም።

ስለ ጊዜም እንዲሁ። ዕቃው ተጎድቶ ከደረሰ በ14 ቀን፣ ዘግይቶ ከደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ቅሬታ መቅረብ አለበት። ክስ የሚመሠረተው ዕቃው ከደረሰበት ወይም መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። የአደጋ ምርመራ የመጨረሻ ሪፖርት ቢቻል በ12 ወር ውስጥ እንዲወጣ ዓለም አቀፉ ደንብ ቢያዝም ከዚያ የሚዘገይ ብዙ ነው። ሪፖርቱን ሲጠብቅ 2 ዓመት ያለፈበት ነጋዴ በስምምነቱ መሠረት የመጠየቅ መብቱን ያጣል።